እስክሪብቶ የምታክል ክላሽ

እህትየዋ ሲዋጋ የሞተ ወንድሟን ክላሽ በመዳፏ ይዛ ወደ ለቅሶው መሃል ገባች። ክላሹ ከእስክሪብቶ አይረዝምም፤ ሟቹ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ የመጫወቻ ፕላስቲክ ቁርጥራጭ ገዝቶ በሙጫ እያጣበቀ የሠራው ነው። ሞጣ ውስጥ እውነተኛ መሣሪያ ለቅሶ ላይ ማውጣት ስለተከለከለ፣ እንደ ወጉ የሟች መሣሪያ ሳይዞርበት የወንድሜ ለቅሶ ባዶውን አይዋል ብላ ይህንኑ ይዛ ዞረች። ከቢቸና የመጡት ዘመዶች ሲያዩት እሪ አሉ።

"መሣሪያ ወጣ የተባለው ይኼ ነው?" አለ ሊፈትሽ የመጣው ወታደር። ከመዳፏ አንሥቶ አየውና ሣቀ። "በዚህ ነው ሲዋጋ የሞተው?" መሬት ጥሎ በጫማው ረገጠው። ፕላስቲኩ ተሰባበረ። ዳስ ሥር የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ እጁን ጋቢው ውስጥ ሰደደ። እዚያ ሽጉጥ እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ሮጣ ታናሽየው ላይ ወደቀች።

"ልቀቂኝ፣ ልድፋው" አላት በጆሮዋ።

"አንተንም ልቅበር?" አለችና ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀብራ የእጁን አንጓ ነከሰች። ጥርሷ አጥንት እስኪነካ አልለቀቀችም። ሽጉጡ ከእጁ ሲወድቅ ቀሚሷን ዘርግታ ተቀመጠችበት፤ ሙሾዋንም ቀጠለች። ፊታቸውን የነጩ ሴቶች ብዙ ነበሩና አፏ ላይ ስላለው ደም የጠየቃት የለም።

ወታደሩ መጥቶ ፊቷ ቆመ። አሁን አይሥቅም። ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋላት።

"እህቴ፣ ይበቃሻል፤ ተነሽ።"

"ተወኝ ወንድሜ" አለችው። "ገና አልቅሼ አልወጣልኝም።"