ከጫጫ የተገዛው ፕላስቲክ

"ከጫጫ ገበያ ነው የገዛሁት፣ እትዬ።"

ጎረቤታቸው ወርቅአገኘሁ ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ አላቸው…

እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በአጥሩ በኩል ፕላስቲኩን አዩት። ጥጉ ላይ ሟች ባላቸው ጋሽ ፍቅረ ማርያም በቀይ ክር የጣፉት ጆንያ አለ።

ወገን… ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ቲማቲም ማቆየት ቀልድ አይደለም። ውርጩ አንድ ሌሊት ካገኘው አለቀለት።

ጋሽ ፍቅረ ማርያም ዘግይተው ሲተክሉ ሰው ሁሉ ስቆባቸዋል። ፍሬው ሳይቀላ እሳቸው አረፉ።

እትዬ ማታ እየሸፈኑ፣ ጠዋት እየገለጡ አቆዩት። የባላቸው አርባ በጾም ነው የሚውለው… ባላቸው በእጃቸው የተከሉትን ለካህናቱና ለጎረቤቱ ማቅመስ ነበር የእትዬ ምኞት።

ለአርባው ዘመድ ሊጠሩ ቲማቲሙን ሸፋፍነው ጎረቤላ ከተማ ሄዱ፤ እዚያው አደሩ።

ሲመለሱ ፕላስቲኩ የለም። ቲማቲሙ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት ጠቁሯል።

የወርቅአገኘሁ ቲማቲም ግን ጭድ ተከምሮበት ስላደረ ደህና ነው። አሁን ጭዱን ለላሞቹ አንስቶ የሳቸውን ፕላስቲክ እያለበሰው ነው።

እትዬ ሊጮሁ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ አንድ ነገር አዩ።

ፕላስቲኩን ቅጠሉ ላይ ነው የዘረጋው። ባላቸው ሁሌም ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ቆልምመው ከሥር ያቆሙ ነበር። ፕላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ውርጩ እዚያው ያቃጥለዋላ!

ሌባው እንጨቶቹን እትዬ ጓሮ ትቷቸዋል።

"እንዲህ ይበቃዋል ይላሉ?" ብሎ ደግሞ ይጠይቃቸዋል። ድፍረቱ!

"ደህና አድርገህ አጣብቀው" አሉት።

ገብተው ተኙ። እንቅልፍም ወሰዳቸው።

ጠዋት የወርቅአገኘሁ ጩኸት ሰፈሩን ሰበሰበው። አንድ እግር ቲማቲም እንኳ አልተረፈለትም። እትዬ እንዳሉት አድርጎ ነበር እኮ የሸፈነው…

እትዬ ግን ጓሯቸው ገብተው እንጨቶቹን ነቀሉ፤ አቅፈው አምጥተው ሰው ፊት እግሩ ሥር አስቀመጡለት።

"ፕላስቲኩን ስትወስድ እነዚህን ረስተሃቸው ነው።"

ሰው ሁሉ ዞሮ ቀዩን ክር አየ። ወርቅአገኘሁ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ… የሰው ዕቃ ብትሰርቅ ሙያው አብሮ አይመጣልህም።

የባል አርባ ሳይወጣ ቂም ምን ይሉታል የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ። እኔ ግን እሰይ ብያለሁ።

እናንተስ በእትዬ ቦታ ብትሆኑ ስለ እንጨቱ ትነግሩት ነበር… ወይስ "አጣብቀው"? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ።