ሰፊ ቦታ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ሥራ ፈላጊ በማመልከቻው ላይ የሚጽፈው ሙያ ሁሉ በገዛ ቤቱ ይረጋገጣል። ግድግዳ ላይ የተተከለው ካሜራ ያላየውን ይሰርዛል። የውስጥ ዲዛይን ባለሙያዋ ትርሲት «ሰፊ ቦታ መፍጠር» የሚለው አምስት ጊዜ ተሰርዞባታል። ከእናቷ ጋር በአንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ታጭቃ እየኖረች ሰፊ ቦታ ከየት ይምጣ? ይህ ሙያ የሌለበትን ማመልከቻ ደግሞ የሚያነብ ቀጣሪ የለም።

ስድስተኛው ማረጋገጫ ሲደርስ ቆረጠች። የእናቷን አልጋና ባለዳንቴሉን ቡፌ ጎረቤት አስገባች። እናቷን ወይዘሮ ዝማምን ደግፋ አውጥታ ደረጃው ጋ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እማ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።»

«ይሁን ልጄ፤ ጋቢዬን ግን አቀብዪኝ።»

ካሜራው ባዶውን ክፍል ዞሮ ቃኘ።

«ሰፊ ቦታ መፍጠር፦ ተረጋግጧል።»

«እሰይ!» አለች። የካሜራው ድምፅ ግን አላበቃም።

«ለአረጋውያን የሚመች ቤት ማደራጀት፦ አረጋዊ አልተገኘም። ተሰርዟል።»

ትርሲት ክው አለች። አምስቱንም ጊዜ ሳይነካ ያለፈላት ይኼ ነበር። እናቷ ማንንም ሳይጠሩ መጸዳጃ ቤት እንዲደርሱ በግድግዳው ዙሪያ መደገፊያውን የሠራችው በገዛ እጇ ነው።

«እናቴ እኮ ደጅ ናት! ያወጣኋትም ለአንተ ብዬ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ካሜራው ጠፍቷል።

በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ወይዘሮ ዝማም የገዛ ቤታቸውን በር እንደ እንግዳ እያንኳኩ ነበር።

«ትርሲትዬ፣ አሁንስ ልግባ?»