በውጤቱ ቀን የተነቀለ ጥርስ

«ሲያምህ ግራ እጅህን አንሳ» አለ ሐኪሙ፣ ጉጠቱን እንደያዘ።

ወንበሩ ላይ የተጋደመው ባለጋራዥ በዓይኑ ብቻ እሺ አለ። ሌላ ምን ይበል? አፉ እስከ ጉሮሮው ተበርግዷል፤ ያበጠው ጉንጩ በማደንዘዣው ደንዝዟል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚሉት ለጥርስ ሐኪም አይሠራም። እሱ የሚያየው የበሰበሰ መንጋጋ ብቻ ነው።

ሁለቱ የድሮ ወዳጆች ናቸው። የሐኪሙ ወንድ ልጅ የባለጋራዡን ሴት ልጅ ሊያገባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን ምሳ ተጋብዘው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በምርጫው ተነታረኩ። ነገሩ ሲከር ባለጋራዡ ብድግ ብሎ «የእናንተ ሰዎች ካሸነፉ ልጄ ደጃፍህን አትረግጥም!» ብሎ ማለ። ሐኪሙም፣ ማን ከማን ያንሳል፣ «የእናንተዎቹ ካሸነፉ ደግሞ ልጄ ልጅህን አያገባም!» አለ። እንዲህ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጋግዘው፣ ማንም ያሸንፍ ማን ሠርጉ እንዲፈርስ አደረጉት። መራጩ ሕዝብ ምን ያድርግ?

ከዚያ ወዲህ ተዘጋግተው ነበር። ዛሬ ግን ውጤቱ ይነገራል ተብሎ ክሊኒኩ ሁሉ ተዘግቶ ሲውል የሐኪሙ ብቻ ክፍት ሆነ፤ ጥርስ ደግሞ ምርጫ አያውቅም። ልጅቱ አባቷን ደግፋ አስገባችው። ሐኪሙን ቀና ብላ አላየችውም። አሁን ከበሩ ውጭ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች።

ሐኪሙ መንጋጋውን ይዞ መነቅነቅ ጀመረ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ድንገት ከፍ አለ። ዜና አንባቢው የፓርላማ ወንበሮቹን ቁጥር ዘረዘረና ያሸነፈውን ፓርቲ ጠራ። የሐኪሙ ፓርቲ ነው። መንገድ ላይ መኪናዎች ጡሩምባቸውን አምባረቁት።

የባለጋራዡ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሐኪሙ ጉጠቱን አወጣ። «አመመህ እንዴ?»

ጥርሱ ሊያመው አይችልም፤ መርፌውን የወጋው ሐኪሙ ራሱ ነው። እጁ ግን አልወረደም።

ሐኪሙ ለዚች ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። መስታወት ፊት ቆሞ ሳይቀር ተለማምዶታል። አሁን ግን አፉን ከፍቶ በተጋደመ፣ መልስ በማይሰጥ ሰው ላይ መፎከር ግድግዳ መሳደብ ሆነበት። ደስታው ይመጣል ብሎ ትንሽ ጠበቀ፤ አልመጣም። የመጣው ፍርሃት ነው። የእሱ መሐላ ዛሬ ከላዩ ወርዶለታል፤ ያሰረው የባለጋራዡ ነው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ አንዴ ተናዶ «ስኳር አልቀምስም» ስላለ ብቻ ይኸው ስንት ዓመት ሻዩን መራራውን ይጠጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ለሌላው ተረት ነው፤ ለእሱ ሕግ ነው።

የተነሣውን እጅ ይዞ በቀስታ ደረቱ ላይ አስቀመጠለት። «ተወው» አለው። «እኔንም አሞኛል።»

ከዚያ ጥርሱን ነቀለው። ጥርሱ የወጣበት ጎድጓዳ ላይ የተጠቀለለ ጥጥ አደረገ። «ንከስ። አንድ ሰዓት ያህል እንዳትናገር፣ ደሙ አይቆምልህም።»

ጓንቱን አውልቆ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስማኝ እንግዲህ፤ መቼም ዛሬ አታቋርጠኝም። ቃልህን እጠፍ አልልህም። አንተ ያልከው ልጅህ የእኔን ደጃፍ እንዳትረግጥ ነው፤ የልጄን አላልክም። ስለዚህ ሌላ ቤት ይከራዩ። ደጃፉ የእነሱ ይሆናል። የእኔ ቤት ይቅርባቸው፣ እኔው እየሄድኩ አያቸዋለሁ። አንተም ቃልህን ጠበቅህ፣ ልጆቹም ተጋቡ። እህ?»

ባለጋራዡ ጥጡን እንደነከሰ መብራቱን ሲያይ ቆየ። በመጨረሻ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ሐኪሙ ወዲያው በሩን ከፍቶ ልጅቱን ጠራት። «አባትሽ መናገር ስለማይችል እኔ ልንገርሽ፤ እዚሁ ፊቱ ነው፣ ከዋሸሁ ይርገጠኝ። ሠርጉ አልፈረሰም። የምትኖሩት ግን ሌላ ቤት ተከራይታችሁ ነው። እኔ ቤት አትገቢም።»

ልጅቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች። አባቷን አቀፈችው፣ ሐኪሙንም አቀፈችው። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ፎቁ ላይ ያሠሩልን ክፍሎችስ? ቀለማቸውን እኮ እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

ባለጋራዡ ዞሮ ሐኪሙን አየው። ሐኪሙ፣ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ጭር ባለው ቤቱ ላይ ለልጆቹ ሁለት ክፍል ማሠራቱን የነገረው ሰው አልነበረም።

«ይከራያሉ» አለ ሐኪሙ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ዕቃዎቹን እየሰበሰበ። «ለክፍል ተከራይ መች ይጠፋል።» ቀለል አድርጎ ሊለው ነበር፤ ግን የጠረገውን ጉጠት መልሶ አንሥቶ እንደገና ጠረገው።

ውጭ ጡሩምባው አሁንም ይጮኻል። አንድ ሰው በመስኮቱ በኩል እያለፈ «ዶክተር፣ እንኳን ደስ ያለዎት!» አለ። ሐኪሙ መስኮቱን ዘጋው።

ባለጋራዡ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ጣቶቹን ወደ አፉ ሰደደ።

«ተው ብዬሃለሁ! ጥጡን ንከስ!»

ባለጋራዡ ጥጡን አውጥቶ ከጎኑ ያለው ሳህን ላይ አኖረው። ደም በአገጩ ወረደ። የደነዘዘው ከንፈሩ አልታዘዝ ስላለው ሁለት ጊዜ ሞከረ።

«ትረግጣለች» አለ።