ሰባት ብቻ ሲቀር

ልብስ ሰፊው ስልክ መሥሪያ ቤት የሄደው ቁጥሩን ለማስቀየር ነው። የመስኮት ሦስቷ ሠራተኛ ከእጅ ስልኳ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ስልኩ ግን አይጠራም። ባለጉዳይ ተገትሮ እሷ ስልኳን ታያለች፤ መቼስ የቢሮ ወግ ነው።

«ይሄን ቁጥር ከእናንተ ከገዛሁ ወዲህ አንድ ሽማግሌ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡኝ፣ እህቴ» አላት። «በየጠዋቱ ይደውላሉ። ገና ሳነሳው ‹ቁርስሽን በላሽ?› ይሉኛል። እኔን! ይሄን ሁሉ ጢም ይዤ!»

የመስኮት አራቱ ሠራተኛ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የስልክ ቁጥሬን ማስተማር ነው። ሰባት ሦስት ዘጠኝ ሦስት…»

«ዘጠኝ አንድ ሦስት ሦስት» አለች። ቅጹ ገና አልተሞላም።

«እሱን ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አይካፈልም ይላሉ። ‹የመጨረሻዋን ሦስት ቁረጪያት፤ የቀረውም አይካፈልም። አሁንም ቁረጪ፣ አሁንም እንቢ ይላል። ሰባት ብቻ እስኪቀር ድረስ! እንዲህ ከሚያደርጉት ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጠፋብኝ ይሄ አይጠፋብኝም።› እኔ የምቆርጠው ጨርቅ ነው፤ ከቁጥር ምን አገናኘኝ?»

«ድምፃቸው እንዴት ነው? ጉንፋን ነገር የለባቸውም?»

«ቅጹ ላይ ይሄም አለ እንዴ?»

ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ ጻፈች። «አዲስ ቁጥር እሰጥዎታለሁ። የድሮውን መልቀቅዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ልብስ ሰፊው እስክሪብቶውን አንስቶ ቆመ። የሚኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ነው። ልብሱ ከዘገየበት ደንበኛ ስድብ በቀር፣ ደህና አደርክ ብሎ የሚደውልለት ሰው ካጣ ቆይቷል። ሽማግሌውን ሲያማርር ከርሞ አሁን ሆዱ ባባ።

«ቆይ እስቲ፣ ነገ ሲደውሉ ማን ያነሳላቸዋል?»

«የሚያነሳ ይኖራል።»

«ገባኝ። ለባለጊዜ ልትሰጪው ነው።»

የመስኮት አራቱ አንገቱን ደፋ። ለአፍ የሚመች ቁጥር በጓሮ በር እንደሚወጣ ከተማው ሁሉ ያማል።

«ያ ባለጊዜ እኮ ይሰድባቸዋል! ሽማግሌ ናቸው፤ ባዶ ቤት እያወሩ ነው የሚመስለኝ።»

«ማንም አይሰድባቸውም። እባክዎ ይፈርሙ» አለች። ወረቀቱንም ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። የሌባ ጥድፊያ እንዲህ ነው አለ ልብስ ሰፊው በሆዱ። ከኋላው ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር ግን ፈረመ። ሽማግሌውን አሳልፎ የሰጠ እየመሰለው፣ አዲሱን ቁጥር ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት መስኮቶቹ ከመከፈታቸው በፊት የሠራተኛዋ ስልክ በድሮ ቁጥሯ ጠራ።

«አቤት አባዬ» አለች። «አዎ፣ በልቻለሁ።»