ስንቅነሽ እሁድ እሁድ ለምን ትከብዳለች?

«ውረጂና እንደገና ውጪበት!» አለች የክሊኒኩ ነርስ።

ስንቅነሽ ወረደች… ሻሿን ፈታች፣ የጆሮ ጌጧን አወለቀች፣ ትንፋሿን ውጣ ሚዛኑ ላይ ተመልሳ ወጣች።

ቁጥሩ ወይ ፍንክች! ካለፈው ሐሙስ ሁለት ኪሎ ጨምራለች።

ነርሷ «ቤሴደር… እሺ፣ ያጋጥማል» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ያፊት ግን አልተዋጠላትም። ያፊት የስንቅነሽ ታናሽ ወንድም የሆነው የማሬ ሚስት ናት። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ፈነዳች። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» የምትላትን ዛሬ «አንቺ» አለቻት…

«እትዬ፣ ልብሽ ካልፈቀደ ቁርጡን ንገሪን! ባሌ እያለቀ ነው… አንቺ እየወፈርሽ ነው!»

«እኔ? አዝዬ ያሳደግኩትን ማሬን?»

«ታዲያ ሚዛኑ ይዋሻል?»

ስንቅነሽ የፈታችውን ሻሽ መልሳ አሰረች።

ነገሩ እንዲህ ነው…

የማሬ ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ደሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ በማሽን ይታጠባል። የእህቱ ኩላሊት ሲመረመር ልክክ አለለት… እልል ተባለ! ሐኪሞቹ ግን «ይህ ክብደት ለአንቺም አደገኛ ነው፤ ሳትቀንሺ ቀዶ ጥገና የለም» አሏት።

ከፋሲካ ጀምሮ ስኳር በአፏ አልዞረም። ሽኩና ቤት ከሚባለው ሰፈሯ እስከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ አውቶቡሱን ትታ በእግሯ ትሄዳለች… ያውም በበረሃማዋ የእስራኤል ከተማ በቤርሼቫ ፀሐይ!

ለቤቷም ሚዛን ገዛች።

አቤት ያ ሚዛን! ዕረፍት ነሳት።

ከእንቅልፏ ስትነሳ ትወጣበታለች። ሻይ ጠጥታ ትወጣበታለች። ልብስ እያጠበች ትዝ ሲላት በእርጥብ እግሯ ሮጣ ትወጣበታለች።

ሐሙስ «ወረደ!» ብላ ትስቃለች… እሁድ «ጨመረ!» ብላ ታለቅሳለች።

የአመጋገብ ባለሙያዋ ስለዚህ ነገር በዕብራይስጥ አስረድታት ነበር። ግማሹ አልገባትም። «ድገሚልኝ» ማለት አፍራ «ቤሴደር፣ ቤሴደር» ብላ ወጣች። ስንቶቻችን እንዲህ እናደርጋለን!

እናላችሁ የራሷን መላ መታች። ዓርብ ዓርብ ልክ እንደ ቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ጾም እህል ውሃ ሳትቀምስ ትውልና ማታ ሰንበቱ፣ ሻባት፣ ሲገባ ትፈስካለች። በማግስቱ ሽኩና ሄ ሰፈር፣ ማሬ ቤት ምሳ ትበላለች።

እዚያ ደግሞ ማሬ አለላችሁ… ጨው የተከለከለው፣ ውሃ እንኳ በልክ የሚጠጣው ማሬ!

ጨዋማውን ዓሣ፣ ወይራውን፣ በጨው የተዘፈዘፈውን ኪያር በእንጀራ ይጠቀልልና «እኔ አይፈቀድልኝም፤ አንቺ ብይልኝ እታለም» እያለ ያጎርሳታል።

የታመመ ወንድም ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? እናንተ ትመልሱ ነበር?

እሷም አልመለሰችም።

ያን እሁድ ያፊት ከሰደበቻት በኋላ ግን እልህ ያዛት። ውሃ ራሱ እርም አለች። ሰኞም አልጠጣችም… ማክሰኞ ሥራ ቦታ አልጋ ስታነጥፍ ዥው አለባትና ወደቀች።

ሆስፒታል ስትነቃ ክንዷ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል። ማሬ አጠገቧ ቆሟል። እዚያው ሆስፒታል ደሙን ታጥቦ እንደጨረሰ ነው የነገሩት፤ ፋሻው ክንዱ ላይ እንዳለ መጣ። ያፊትም ከኋላው አለች።

«ውሃ ለምን ተውሽ?» አላት ማሬ።

«ሚዛኑ… አልወርድልሽ አለኛ!»

የማሬ ፊት ልውጥ አለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እታለም፣ እኔ ከአንዱ እጥበት እስከ ሌላው ሁለት ኪሎ እጨምራለሁ። በሁለት ቀን ይህን ሁሉ ስብ አበቅላለሁ? ውሃ እኮ ነው! አንቺም ጨው ስትበዪ ሰውነትሽ ውሃ ይይዛል። ከጾም በኋላ እንጀራና ዳቦ ሲገባም እንደዚያው። በሁለት በሦስት ቀን ይለቀዋል። ስትጾሚ ቶሎ የሚወርደውም ውሃው ነው… ስቡ ከስር ቀስ እያለ ነው የሚቀልጠው። አንቺ ስትቀንሺ ነው የከረምሽው።»

ስንቅነሽ ቀና አለች።

«ይህን ሁሉ እያወቅክ… ለምን አልነገርከኝም?»

ማሬ ዓይኑን ክንዱ ላይ ወዳለው ፋሻ መለሰ።

«ማሬ!»

«አውቄ ነው ጨው ጨውን ያጎረስኩሽ…»

ያፊት አፏን በእጇ ያዘች።

«እሁድ ሚዛኑ ከፍ ሲል ተስፋ ቆርጠሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው። ልጆች አሉሽ እታለም። እኔ ልኑር ብዬ አንቺን ቢላ ስር ላስተኛሽ? ጨመርሽ ባሉኝ ቁጥር እፎይ እል ነበር።»

«አንተ ከይሲ!» ብላ ጉሉኮስ በሌለበት እጇ ትከሻውን መታችው። ከዚያ እንባዋ ወረደ።

«አንተ ከሌለህ ሁለት ኩላሊት ምን ሊሠራልኝ ነው?»

ማሬ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ያፊት የስንቅነሽ ጉልበት ላይ ተደፋች። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ… ጠላቴ እርስዎ መስለውኝ!»

ከዚያ ወዲህ ስንቅነሽ ውሃዋን እየጠጣች፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ተመዘነች። አንዱን ሳምንት ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ… በወሩ ሲታይ ግን ቁልቁል ነበር። ከመስከረም በዓላት በኋላ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ወደ ቀዶ ጥገና ገቡ።

ዛሬ ማሬ ውሃ በትልቅ ብርጭቆ ሞልቶ ይጠጣል… የሚቆጣጠረው የለም።

ወዳጆቼ፣ ሰውነት በትእዛዝ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ጨው፣ ውሃ፣ የጎደለ እንቅልፍ፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። በአንድ ጠዋት ቁጥር ራሳችሁን አትቅጡ… ሰውም ላይ አትፍረዱ! የምትወዱትን ሰው ለማትረፍ ብላችሁ ደግሞ ምርጫውን አትስረቁት።

እስቲ ከልባችሁ ንገሩኝ… በማሬ ቦታ ብትሆኑ ለእህታችሁ እውነቱን ትነግሯት ነበር ወይስ እንደሱ ታጎርሷት ነበር? ኮሜንት ላይ እየጠበቅኳችሁ ነው።