የሦስተኛው ፎቅ ተኳሽ

«ይዝጉት አልኩ እኮ እትዬ!»

«አልዘጋም።»

«ጌሙ ሊወጣ አራት ቀን ነው የቀረው! ስንት ሰው እየጠበቀን ነው!»

«ይጠብቃ!»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ያዘ...

ሴትየዋ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ጌም መፈተሽ ነው። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ጌሙ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብላ ትጫወተዋለች... በር አልከፈት ሲል፣ ሰው ግድግዳ ውስጥ ሲሰነቀር ስህተቱን ትመዘግባለች።

በዚያ መሥሪያ ቤት አንድ የማይታጠፍ ሕግ አለ። ስህተቱን የመዘገበው ሰው ራሱ «ተስተካክሏል» ብሎ ካልዘጋው ጌሙ አይወጣም። አለቃም ቢሆን ሊዘጋው አይችልም።

የሥራ ባልደረቦቿ «ቆጣሪ» ይሏታል።

ሊፍት ውስጥ ስትገባ በጣቷ ሰው ትቆጥራለች። ምሳ ላይ ትቆጥራለች። ስብሰባ ላይም ትቆጥራለች።

«እትዬ ቆጣሪ፣ ዛሬስ ሞላን?» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች... መቁጠሯን ግን አትተውም።

ጌሙ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት በእውነት ስለተደረገ ጦርነት ነው። ገና ሳይወጣ ሶሻል ሚዲያውን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ «የሰው ሞት መጫወቻ ነው ወይ?» ይላል... ግማሹ «ጌም ነው እኮ፣ አታካብዱ!» ይላል።

(እኔ ራሴ ጌም ከያዝኩ ምግብ የምረሳ ሰው ነኝ። ስለዚህ ለስድብ አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ጨርሱት።)

አምስተኛው ሌቭል ላይ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኳሽ ተደብቋል። መስኮቱን በሮኬት ትመታለህ... ሕንጻው ይናዳል... «ጀግና!» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

ሳትመታ ማለፍ አይቻልም።

ሴትየዋ እዚያ ስትደርስ ጌሙን አቆመችው።

የመስኮቱ መስታወት ተሰንጥቆ በሰማያዊ ፕላስተር ተለጥፏል። የጌሙ ሠሪዎች ከድሮ ፎቶ ላይ ምንም ሳያስቀሩ ነው የገለበጡት።

ያንን ፕላስተር የለጠፈችው ራሷ ናት።

እንዲህ ብላ መዘገበች... «ስህተት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኳሽ አልነበረም። አንዲት አስተማሪና አሥራ አራት ተማሪዎች ነበሩ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያሳዝናል እትዬ። ግን ታሪኩን የነገረን እዚያው የተዋጋ አሥር አለቃ ነው። በዓይኑ ያየ ሰው!»

«እንግዲያው ይምጣና ዓይን ዓይኔን እያየ ይንገረኝ።»

«ሥራዎን ያጣሉ!»

«ሥራዬን ውሰድ ልጄ። ልጆቼን ግን በየሰዉ ሳሎን አላስገድልም።»

በማግስቱ ጠዋት አሥር አለቃው መጣ። ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ኮስታራ ሽማግሌ ነው። ሠራተኛው በሙሉ ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተጠቅጥቋል።

«ያስረዷቸው እስቲ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ያሸነፈ መስሎት።

አሥር አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተኳሽ ነበረ... እኔም...»

ሴትየዋ እንደ ልማዷ ጣቷን አንስታ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው መቁጠር ጀምራ ነበር።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

የአሥር አለቃው የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ተገለበጠ።

«ያቺን እጅ አውቃታለሁ!»

አሥር አለቃው ወደ ሴትየዋ እጅ ጠቆመ።

«ሮኬቱ ትከሻዬ ላይ ነበር» አለ። «'ምታ!' ተባልኩ። ሳነጣጥር ፊት አይታየኝም... ከሰማያዊው ፕላስተር ጀርባ አንዲት እጅ ብቻ። እንዲህ፣ እንዲህ እያለች የምትቆጥር። ተኳሽ ቁጭ ብሎ ምን ይቆጥራል? ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። 'መሣሪያው ተበላሸብኝ' ብዬ ዋሸሁ።»

«ታዲያ ለእኛ ለምን...?» ሥራ አስኪያጁ አልጨረሰውም።

«አሥራ ስምንት ዓመት 'ፈሪው' ተብዬ ነው የኖርኩት ልጄ! በጌም እንኳ አንድ ቀን ጀግና ልሁን ብዬ ነው።»

ሴትየዋ ጠረጴዛውን ዞራ ሄደች። እጁን ያዘችው።

«እንዳይጠፉብኝ ራስ ራሳቸውን እየነካሁ እቆጥራቸው ነበር። አሥራ አራቱም በእግራቸው ወርደዋል። አንዷ ሐኪም ሆናለች። ሁለቱ ወልደዋል። ያ ረባሹ አውቶብስ ይነዳል፣ ተሳፋሪዎቹን ፈጣሪ ይጠብቃቸው! እና እርስዎ ነዎት ፈሪ የተባሉት?»

ሽማግሌው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ... ጉንፋን ይዞኝ ነው ብሏል።

ጌሙ በአራት ቀን አልወጣም። ሦስት ወር ፈጀ።

አሁን አምስተኛው ሌቭል ላይ «ምታ!» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ከመታህ ወድቀሃል፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። መሣሪያህን ካወረድክ ግን ደረጃውን ትወጣለህ... አሥራ አራት ልጆች ቆጥረህ ታወርዳለህ። አንድ ከጎደለ በሩ አይከፈትም።

በምረቃው ቀን አሥራ አራቱም መጡ። የአሥር አለቃው የድሮ ጓዶችም ተጠርተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ሴትየዋ በር ላይ ቆማ ቆጠረች።

«አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት... አሥራ አራት...»

ጣቷ ግን አልወረደም። በሩ ጥግ ተሸጉጦ ወደ ቆመው ሽማግሌ ዞረ።

«አሥራ አምስት!»

ቀድመው የተነሱት ጓዶቹ ናቸው። ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጡት። ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ!

ከኋላ አንዱ ባልደረባዋ ጮኸ... «እትዬ ቆጣሪ፣ ዛሬስ ሞላን?»

«ዛሬ ሞላን» አለች።

መድረኩ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ሄዳ «ተስተካክሏል» የሚለውን ተጫነች።

ወገኖቼ... ያለፈ ጦርነትን ጌም አድርጎ መሥራት ቀላል ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ማን እንደነበረ መጠየቅ ግን የሁላችንም ግዴታ ነው። ተኩሶ «ጀግና» ከተባለው ይልቅ ሳይተኩስ «ፈሪ» የተባለው አሥራ አራት ቤት አቁሟል!

እስቲ እናንተ ብትሆኑ... «ምታ!» ተብላችሁ አንዲት እጅ ብቻ ብታዩ፣ ዕድሜ ልክ ፈሪ መባልን ትመርጡ ነበር? ሳትዋሹ ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ አነባለሁ።