በሁለት እግር የተረገጠ ፍሬን

«ተጫኚ» ትላለች ብራዮኒ ከመኪናው ሥር።

የፍሬኑን ፔዳል እረግጣለሁ። የአየር ማውጫዋን ብሎን ስታላላ እግሬ ቀስ እያለ ይወርዳል። «ወርዷል» እላታለሁ። ብሎኗን መልሳ ታጠብቃለች፤ «ልቀቂ» ስትለኝ እለቃለሁ። ሳትነግረኝ ቀድሜ ከለቀቅኩ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። ዛሬ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ብረት ሲንቋቋ ሰምቼ መኪናው የወደቀባት መስሎኝ ነው።

አራቱም ጎማ ወልቆ መኪናው በብረት መቆሚያዎች ላይ ነው። ልጄ ከሥሩ በጀርባዋ ተኝታለች። ከተቀመጥኩበት የሚታየኝ የጫማዋ ጫፍ ብቻ ነው፤ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳም። እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ደህና ናት።

ባሌ ኮሊን ይህችን ባለ ሁለት ወንበር ትሪያምፍ መኪና በታትኖ፣ በካርቶን ሞልቶ፣ ሳይገጥማት ሞተ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሻይ እየቀዳ ወደቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያን ቀን ግን የማስበው ዝናብ ሳይመጣ ልብስ ስለማስጣት ነበር። ብራዮኒ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፈተች። የሥራ ቀን ሒሳብ ታስተምራለች፣ ቅዳሜና እሑድ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ናት። አምስት ዓመት ፈጀባት።

ነገ ደግሞ ልትነዳት ነው። ከኮረብታው ማዶ ባለው መንደር የአሮጌ መኪኖች ትርኢት አለ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ መንገዱ ይታጠፋል፤ መታጠፊያው ላይ የድንጋይ ድልድይ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ እሱ ነው።

ጎረቤታችን ክላይቭ ኦርተን የጋራዡ በር ላይ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። አርባ ዓመት እዚሁ ኮቨንትሪ ከተማ መኪና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው የሰው ሥራ ማየት ነው። የመጨረሻው ጎማ ጋ ስንደርስ የፍሬኑ ዘይት ያለ አንድ አረፋ መቀበያው ጠርሙስ ውስጥ ወረደ። ክላይቭ ተነስቶ በእጁ ፔዳሉን ጫን ጫን አደረገና ድንጋይ ሆኗል ብሎ ወደ ባልዲው ተመለሰ። ብራዮኒም አለቀ፣ ውረጂ አለችኝ።

አልወረድኩም። አንድ ጊዜ ልርገጠው አልኳቸው።

ስልሳ ጊዜ ረግጠሽዋል አለችኝ። ያ በቀስታ ነው አልኳት። ነገ ልጅ ዘሎ ፊትሽ ቢገባ በቀስታ ተጫኚ የሚልሽ የለም።

«ጌይነር፣ መኪናዋ እኮ ጎማ የላትም» አለ ክላይቭ። «ማንን ልትገጪ ነው?»

ከሥር ብራዮኒ ሳቀች። እኔም አፈርኩ። ቢሆንም መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ደገፍኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ድልድዩን አየሁት። በሁለት እግሬ ረገጥኩ።

ክላይቭ እንዳለው ድንጋይ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። አራት ሳልል የሆነ ነገር ቀጭ አለና ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። እግሬ ሥር ምንም የለም፤ ባዶ ነው።

የጫማዋ ጫፍ አይንቀሳቀስም። ስሟን ልጠራ አፌን ከፈትኩ።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ» አለች ረጋ ብላ። «ዘይቱ ነው፤ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ክላይቭ፣ እስቲ መብራት አቀብለኝ።»

ክላይቭ ተንበርክኮ ከፊት ቀኝ በኩል ሲጎረጉር ቆየ። ከዚያ አንዲት ዳዶ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። የፍሬኑን ቀጭን ቱቦ የምታጠብቀው እሷ ናት። የእነዚህ አሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች ዳዶ በኢንች የተሠራ ነው፤ ይቺ ግን የሚሊሜትር ናት። ኮሊን ዳዶዎችን ቀላቅሎ ካጠራቀመበት ቆርቆሮ ውስጥ የወጣች ነች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው መንታ ናቸው። የተሳሳተችውም ትገባለች፣ ትጠብቃለች፣ በቀስታ ሲረግጧትም ትይዛለች። የያዘችው ግን በጥርሷ ጫፍ ብቻ ነው።

ክላይቭ ኮፍያውን አወለቀ። «ሐሙስ ዕለት እኔ ራሴ አይቼ አሳልፌያታለሁ» አለ።

እኔ እግሮቼን በተከፈተው የመኪናው በር ወደ ውጭ አወጣሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሥራሽን አበላሸሁብሽ ልላት ፈልጌ ሌላ ነገር ወጣኝ፤ ለምን ክላይቭ እንዲረግጥልሽ አላደረግሽም አልኳት። በጠዋት እረግጥልሻለሁ ብሏት እንደነበር ሰምቻለሁ። እምቢ ብላ እኔን የጠራችኝ ብቸኝነት እንዳይሰማኝ አዝናልኝ መስሎኝ ነበር።

«ሌላ ሰው ይበቃል ሲመስለው ያቆማል» አለች ከሥር። «አንቺ በቃኝ ብለሽ አታውቂም። ለዚህ ነው አንቺን የጠራሁት።»

ዘይቱ ሲሚንቶው ላይ ቀስ እያለ እየሰፋ ነው። እያየሁት ነው። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር መጣ፤ የመጣውም በቅዳሜ ከሰዓት፣ መኪናዋ ቆማ፣ ልጄ እያወራችኝ ነው። በጨርቅ የሚጠረግ ነገር ሆኖ መጣ። ተመስገን አልኩ፤ ድምፄን ማንም አልሰማውም።

ብራዮኒ ትክክለኛዋን ዳዶ ፈልጎ እንዲያመጣ ክላይቭን ላከችው። ሁሉንም ዳዶ አንድ በአንድ ፈትታ ልታይ ነው፤ ነገ ይቅር፣ ትርኢቱ በሚቀጥለው ዓመትም ይደረጋል አለች። ከዚያ በተከፈተው የመኪናው በር ሥር እጇ ወጣ። ዳብሳ ቁርጭምጭሚቴን አገኘችና ያዘችኝ። አምስቱ ጣቶቿ ነጭ ካልሲዬ ላይ ጥቁር ሆነው ታትመዋል። እግሬን አላንቀሳቀስኩም።